የማተሚያና የማጠቢያ ማሽን ትነትን መቆጣጠር፦ ከጭስ ማውጫው በፊት ጀሪካኑን ክደኑ

የአየር ብክለት ቁጥጥር ሲባል ሁሉም ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ጣራ ላይ ያለውን ጭስ ማውጫ ነው ሚያየው። ከዛ ምን አይነት ፊልተር እንግዛ ይባላል፣ ሻጭ ይጠራል፣ ካታሎግ ይዘረጋል፣ በቃ ገንዘቡ ወጣ። እኔ ግን እዚህ ስራ ላይ ስቆይ የታዘብኩት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ብዙው የሶልቨንት ትነት (ሶልቨንት ማለት እንደ ቲነር ያለ ቀለምና ቅባት ሚያሟሟ ፈሳሽ ነው) ጭስ ማውጫው ጋ ሳይደርስ ነው ሚያመልጠው፤ ክዳኑ ከጠፋ ጀሪካን፣ ካልተሸፈነ የቀለም ገንዳ፣ ማሽን ስር ከተወረወረ እርጥብ ጨርቅ፣ የማሽን ክፍሎች ከሚታጠቡበት ገንዳ አፍ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ከርካሹ ወደ ውዱ አድርጌዋለሁ፣ ፊልተርና ማቃጠያ መጨረሻ ላይ ነው ያሉት። ዘላችሁ ወደዛ ብትሄዱ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ትልቅ እቃ ትገዛላችሁ፣ እሱም የሚመጣለትን ብቻ ነው ሚያጸዳው።

መጀመሪያ ትነቱ ከየት እንደሚመጣ እንግባባ። በሶልቨንት ቀለም ሚሰራ ፍሌክሶና ግራቭር ላይ (አንዱ በጎማ መሰል ፕሌት፣ ሌላው በተቀረጸ ሲሊንደር ነው ሚያትመው)፣ ማሽን ላይ ከወጣው ቀለም ክብደት ከግማሽ በላዩ ሶልቨንት ነው፣ እሱ ደግሞ ካልተነነ ቀለሙ አይደርቅም፣ ማለትም የገዛችሁት ሶልቨንት መጨረሻው አየር ነው። ኦፍሴት ላይ (ምስሉ መጀመሪያ ብላንኬት የሚባል ጎማ ላይ አርፎ ከዛ ወረቀቱ ላይ ሚታተምበት) ነገሩ ይለያል፤ ቀለሙ በዘይት የተሰራ ስለሆነ ብዙም አይተንም (በሙቀት ሚያደርቀው ትልቁ የጥቅል ወረቀት ማሽን ካልሆነ በቀር፣ እዛ ላይ የቀለሙ ዘይት አብዛኛው ማድረቂያው ውስጥ ነው ሚተነው)። የኦፍሴት ዋና ጣጣ እርጥበት ውሃው (ቀለም እንዳይዝ የሚፈለገውን የፕሌቱን ክፍል ሚያረጥበው) ላይ ሚጨመረው አልኮልና ሮለርና ብላንኬት ሚጠረግበት ማጠቢያ ነው። የብረት እቃ ወይም የማሽን ክፍል ሚያጥቡ ገንዳዎች ደግሞ ከነሱም ይብሳሉ፣ ምክንያቱም እዛ ያለው ሶልቨንት ምርቱ ላይ ሚቀር ነገር የለውም፣ ወይ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ይገባል ወይ ይተናል።

ይሄ ትነት ውጭ ሲወጣ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር በጸሀይ ብርሃን ተገናኝቶ መሬት አካባቢ ኦዞን ይፈጥራል፣ ሳንባ ሚያቃጥለውን ማለቴ ነው። ውስጥ ሲቀር ደግሞ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ከዛም በላይ። በ2012 ጃፓን ኦሳካ ውስጥ የአንድ ኦፍሴት ማተሚያ ሰራተኞች፣ ብዙዎቹም በእድሜ ገና ወጣት የሆኑ፣ የሃሞት ቱቦ ካንሰር እንደያዛቸው ይፋ ሆነ፤ ሲጣራ ብላንኬት ሚጠርጉበት ማጠቢያ ውስጥ 1,2-ዳይክሎሮፕሮፔን የተባለ ኬሚካል ነበረበት፣ ክፍሉም በቂ አየር አልነበረውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 ኬሚካሉን ሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ካላቸው ምድብ አንድ ውስጥ አስገባው። ይሄን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ ሰዎቹን የጎዳቸው ጣራ ላይ ያለ ጭስ ሳይሆን በእጃቸው የያዙት ጨርቅ እንደነበረ ልብ እንድትሉት ነው።

1. ያላችሁን ሶልቨንት በሙሉ ጻፉ

መጋዘን ገብታችሁ እያንዳንዱን ጀሪካንና በርሜል መዝግቡ፣ "ቲነር" ብቻ ተብሎ የተጻፈበትን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ውስጡ ምን እንዳለ አቅራቢው ይናገር። ለእያንዳንዱ የደህንነት መረጃ ወረቀቱን (ሴፍቲ ዳታ ሺት ሚባለውን) አስመጡ። ሶስት ቦታ ብቻ ብታዩ ይበቃችኋል፦ ክፍል 3 ውስጡ ያለውን ይነግራችኋል፣ ክፍል 8 ሰው ሊተነፍሰው ሚፈቀደውን መጠን፣ ክፍል 9 ደግሞ የትነት ግፊቱንና እሳት ሚይዝበትን ሙቀት።

የትነት ግፊት ሚባለው ቁጥር ለኛ ስራ ወርቅ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቶሎ ይተናል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አሴቶን 180 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፣ ኢታይል አሲቴት 73 ገደማ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል 33፣ ቶሉይን 22። ሮለር ለመጥረግ አሴቶን ሚጠቀም ሰው ካያችሁ ከጨርቁ ላይ ግማሹ ሮለሩ ጋ ሳይደርስ ሄዷል ማለት ትችላላችሁ፣ ትንሽ አጋነንኩ ግን ብዙም አይደለም።

2. የአንድ ወር ሂሳብ ስሩ

ይሄ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሚሰራ ስራ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ሚጠቅመው እሱ ነው። በወሩ መጀመሪያ ያለውን ሶልቨንት ትመዝናላችሁ፣ የተገዛውን ትደምራላችሁ፣ በወሩ መጨረሻ የቀረውን ትቀንሳላችሁ። ቀለሙ ከፋብሪካ ሲመጣ ራሱ ውስጡ ሶልቨንት ስላለው እሱንም ቁጠሩት፣ ብዙ ሰው ሚረሳው ይሄን ነው።

በምሳሌ እንየው። መጀመሪያ 150 ኪሎ ነበር፣ 900 ኪሎ ተገዛ፣ መጨረሻ ላይ 200 ቀረ፤ ስለዚህ የተጠቀማችሁት 850 ኪሎ ነው። በቆሻሻ በርሜል የወጣው ውስጥ ሶልቨንቱ ብቻ 130 ኪሎ ሆነ እንበል (በርሜሉን ሙሉ እንዳትቆጥሩት፣ ግማሹ ቀለምና ዝቃጭ ሊሆን ይችላል)። 720 ኪሎ ቀረ፣ ይሄ በሙሉ ተኗል። አሁን የማድረቂያው ቱቦ ተለክቶ 430 ኪሎ በዛ በኩል ወጥቷል ከተባለ ቀሪው 290 ኪሎ የት ሄደ? በበር፣ በመስኮት፣ በሰራተኛው ሳንባ። ጭስ ማውጫው ላይ የፈለጋችሁትን ማሽን ብትገጥሙ ይሄን 290 ኪሎ አይነካውም። ይሄን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

3. ክደኑ

አዎ፣ ይሄን ያህል ቀላል ነው፣ ቀላል ስለሆነ ነው ደግሞ ማንም ማይሰራው። ሰው ካላመናችሁ ይሄን ሙከራ አሳዩት፦ ሚዛን ላይ ሰፊ ሳህን አስቀምጡ፣ ሚሰራበትን ቲነር አንድ ኪሎ አፍሱበት፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ስራችሁን ስሩና በየሰዓቱ ተመልሳችሁ እዩ። አጠገቡ ደግሞ ያንኑ ያህል በጠባብ አፍና በክዳን አስቀምጡ። (ንፋስ ባለበት ሁኑ፣ ደግሞ ከእሳትና ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ራቁ።) የመጀመሪያው ሚዛን ቁጥር ሲወርድ ኦፕሬተሩ በአይኑ ሲያየው አስር ስልጠና ከምትሰጡት ይበልጣል።

የቀለም ገንዳ ላይ ሚሆነውን ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ገንዳው ክፍት ነው፣ ሶልቨንቱ ይተናል፣ ቀለሙ ይወፍራል፣ ኦፕሬተሩ በዋንጫ (ታች ቀዳዳ ባለው የውፍረት መለኪያ) ይለካና "ወፈረ" ብሎ ሶልቨንት ይጨምራል፣ ያ የጨመረው ደግሞ ይተናል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና። ቀኑን ሙሉ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ገንዳው ላይ ቆርቆሮ ወይም ሶልቨንት ማይበላው ፕላስቲክ ሽፋን ቆርጣችሁ ግጠሙ፣ ሮለሩ ሚያልፍበት ብቻ ክፍት ይሁን። የባልዲው ክዳን ላይ የፓምፕ ቱቦ ማስገቢያ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ይበሳለት። አቅም ካለ የተዘጋውን የቢላ ቻምበር ሲስተም (ቀለሙ ክፍት ገንዳ ሳይሆን በቢላዎች መሃል በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሚሆንበትን) አድርጉ፣ ቀለሙ አየር ሚያገኝበት ቦታ በጣም ያንሳል፣ የቀለሙ ውፍረትም ስለማይዋዥቅ የህትመቱ ከለር ራሱ ይረጋጋል። ይሄን ለባለቤቱ ስትነግሩት "ብክለት" ከምትሉት "ከለር ተረጋጋ" በሉት፣ ቶሎ ይፈርማል።

የጨርቅ ነገር። እርጥብ ጨርቅ ወለል ላይ ወይም ክፍት ካርቶን ውስጥ አይጣልም፣ በእግር ተረግጦ ሚከፈትና በራሱ ሚዘጋ የብረት ቆሻሻ መጣያ አለ፣ በየማሽኑ አጠገብ አንዳንድ ይኑር፣ በየቀኑ ባዶ ይደረግ። ሁለት ጥቅም አለው። አንዱ ትነት ነው፤ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2006 ለኦፍሴት ባወጣው መመሪያ፣ ቀስ ብሎ ሚተን ማጠቢያ ያለበት ጨርቅ በተዘጋ እቃ ከተቀመጠ ከሶልቨንቱ ግማሹ ጨርቁ ላይ እንደቀረ ቆጥሮ ነው ሚያሰላው፣ ለአንድ ክዳን ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው እሳት ነው፤ አንዳንድ የኦፍሴት ቀለም ውስጥ ያለው እንደ ተልባ ያለ ሚደርቅ ዘይት ጨርቅ ላይ ተከምሮ ሲያድር በራሱ ይሞቃል፣ ማንም ክብሪት ሳይጭር ሊነድ ይችላል።

ስታፈሱ ደግሞ ከብረት በርሜል ወደ ብረት ባልዲ ከሆነ ሁለቱን በሽቦ አገናኙ፣ በርሜሉም ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ። የቶሉይን ብልጭታ ሙቀት (ትነቱ በብልጭታ እሳት መያዝ ሚጀምርበት) 4 ዲግሪ ነው፣ የኢታይል አሲቴት ከዜሮ በታች 4፤ ማለትም በተራ ክፍል ሙቀት ሁሌም ለመቀጣጠል ዝግጁ ናቸው፣ ሲፈስ ሚፈጠረው ስታቲክ ብቻ ይበቃቸዋል።

4. ኬሚካሉን ቀይሩ

ኦፍሴት ላይ ካላችሁ አልኮሉን ቀንሱ። እዛው የ2006ቱ መመሪያ ላይ በሺት (በተቆረጠ ነጠላ ወረቀት) ለሚያትም ማሽን እርጥበት ውሃው ላይ ሚኖረው አልኮል በክብደት 5% እንዳይበልጥ፣ ውሃው ከ15.5 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ግን እስከ 8.5% እንደሚቻል ይላል። ከዚህ ማቀዝቀዣ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም ታያላችሁ። አልኮሉን በአንድ ቀን ከ12 ወደ ዜሮ አታውርዱት፣ ኦፕሬተሩ ተናዶ ማታ ላይ ጀሪካን ሙሉ ይገለብጥበታል። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ፐርሰንት ቀንሱ፣ ምትኩን ፈሳሽ ጨምሩ፣ ሮለሮቹ ከጠነከሩ ቀይሩ፣ የሮለሮቹን ጭነት እንደገና አስተካክሉ፣ የውሃውን ጥራት ለኩ። ህትመቱ ሲበላሽ ጥፋቱ ከአልኮሉ መቀነስ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ሮለር ነው፣ አልኮሉ ሸፍኖት ኖሮ ነው እንጂ። መለኪያውንም ተጠንቀቁ፣ ተንሳፋፊው ሃይድሮሜትር ውሃው ውስጥ የወረቀት ብናኝና ቀለም ሲገባበት፣ ሙቀቱም ሲቀያየር ይዋሻል።

ማጠቢያውን ስትመርጡ በ20 ዲግሪ የትነት ግፊቱ ከ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች የሆነውን ውሰዱ፣ ያው መመሪያ ሚጠቀምበት መስመር ነው። ከአትክልት ዘይት ሚሰሩ ኤስተር ማጠቢያዎችም አሉ፣ ብዙም አይተኑም፣ እሳትም ቶሎ አይዛቸውም፤ ችግራቸው ሮለሩ ላይ ቅባት ይተዋሉ፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ በትንሽ ውሃ መጥረግ ያስፈልጋል። "ቀርፋፋ ነው" ብለው ያማርራሉ፣ እውነት ነው፣ ትንሽ ይዘገያል። ከቆርቆሮ እያፈሰሱ መስራት ይቅርና በሚረጭ ጠርሙስ በልክ ይሁን።

ፍሌክሶ ላይ በውሃ የተሰራ ቀለም ወረቀትና ካርቶን ላይ በደንብ ይሰራል፣ ፕላስቲክ ላይ ግን ማድረቂያው ጠንካራ ካልሆነና የፕላስቲኩ ገጽ ካልታከመ ፍጥነታችሁ ይወርዳል። ዩቪ ቀለም (በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሚደርቀው) ሶልቨንት የለውም ማለት ይቻላል፣ ግን የሜርኩሪ መብራቱ ራሱ ኦዞን ስለሚፈጥር የራሱ መምጠጫ ቱቦ ይፈልጋል፤ የኤልኢዲው አይነት አይፈጥርም። ያልደረቀ ዩቪ ቀለም ቆዳ ስለሚያስቆጣ ጓንት ግድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ክሎሪን ያላቸውን ሶልቨንቶች (ትራይክሎሮኢታይሊን፣ ፐርክሎሮኢታይሊን፣ ዳይክሎሮሚቴን) "እሳት አይዙም" ተብሎ ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። ትራይክሎሮኢታይሊን የካንሰር ኤጀንሲው ምድብ አንድ ውስጥ ነው። ትነታቸው ደግሞ ብየዳ ወይም የሚነድ እሳት ጋ ከደረሰ ፎስጂን የተባለ መርዝ ሊፈጥር ይችላል። ማጠቢያ ክፍል አጠገብ ብየዳ አይሰራም፣ አለቀ።

5. ማጠቢያ ማሽኑን በስርዓት አሰሩት

የማሽን ክፍሎችን በእጅ ክፍት ገንዳ ውስጥ ከማጠብ ሚዘጋ ማጠቢያ ካቢኔት መቶ እጅ ይሻላል፣ ቅባት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሙቅ ውሃና አልካላይን ሳሙና ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ግን ተራውን የአልትራሶኒክ ማጠቢያ ወስዳችሁ አሴቶን ወይም አልኮል እንዳትሞሉበት፣ ለሚነድ ፈሳሽ ካልተሰራ ይሞቃል፣ ይፈነዳል።

በቀዝቃዛ ገንዳ ስታጥቡ እቃውን ካወጣችሁ በኋላ መንጠባጠቡ እስኪያቆም፣ ቢያንስ 15 ሴኮንድ ገንዳው ላይ ያዙት። ጎድጓዳ እቃ ከሆነ አዘንብሉት፣ ውስጡ የቀረው ፈሳሽ እኮ ነው ወለሉ ላይ ሚንጠባጠበው።

በትነት ሚያጥበውን ማሽን (ሶልቨንቱን አፍልቶ በትነቱ ውስጥ እቃ ሚነከርበትን) ለያዘ ሰው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ብዙ ስህተት ማየው እዚህ ነው። ማሽኑ ውስጥ ከታች ማሞቂያ፣ ከላይ ዙሪያውን ማቀዝቀዣ ቱቦ አለ፣ ትነቱ ማቀዝቀዣው ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይወርዳል። ስትከፍቱ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ከዛ ማሞቂያውን፣ ስትዘጉ ግን መጀመሪያ ማሞቂያውን፣ ትነቱ ቁልቁል እስኪወርድ ጠብቃችሁ ነው ማቀዝቀዣውን ምታጠፉት። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት ገንዳው ውስጥ ያለው ትነት በሙሉ ክፍሉን ይሞላዋል።

ከትነቱ ጫፍ እስከ ገንዳው ከንፈር ያለው ባዶ ቦታ ከገንዳው ጠባብ ጎን ቢያንስ 0.75 እጥፍ ይሁን፣ አንድ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ጠባቡ ጎን 60 ሳንቲሜትር ከሆነ 45 ሳንቲሜትር ባዶ ግድግዳ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው፣ ካነሰ ቆርቆሮ በይዳችሁ ከንፈሩን ከፍ አድርጉት (ማሽኑ ጠፍቶ፣ ባዶ ሆኖ፣ ከክፍሉ ወጥቶ!)። እቃውን ምታወርዱበትና ምታወጡበት ፍጥነት በደቂቃ ከ3.4 ሜትር አይበልጥ፣ ቅርጫቱም የገንዳውን አፍ ከግማሽ በላይ አይሸፍን፣ አለበለዚያ እንደ ፒስተን ሆኖ ትነቱን ገፍቶ ያወጣዋል። ማራገቢያ ወደ ገንዳው አቅጣጫ አይዙር። ሙቀት ነው ብሎ ቬንቲሌተር አጠገቡ ያስቀመጠ ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ለሱ ቀዝቅዞታል፣ ሶልቨንቱ ግን በሁለት ሳምንት አለቀ።

6. ማምለጫውን ያዙ፦ መምጠጫና ፋን

እስከዚህ ከመጣችሁ ሚቀረው መተን ያለበት ትነት ነው፣ እሱን ከምንጩ አጠገብ መምጠጥ ነው። "ከምንጩ አጠገብ" ስል የምር ነው። አየር ሲነፋና ሲመጠጥ አንድ አይደለም፤ በቱቦ የተነፋ አየር ርቆ ይሄዳል፣ ሲመጠጥ ግን ከቱቦው አፍ የቱቦውን ስፋት አንድ እጥፍ ብቻ ስትርቁ ፍጥነቱ ወደ 10% ይወርዳል። 20 ሳንቲሜትር ቱቦ ከሆነ 20 ሳንቲሜትር ሲርቅ ጉልበቱ ሄዷል። ስለዚህ ከማሽኑ ሁለት ሜትር በላይ የተሰቀለ ቆንጆ ሁድ (የመምጠጫ ቆብ) ጌጥ ነው። ደግሞም የቶሉይን ትነት ከአየር ከሶስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ታች ነው ሚሄደው፣ ወለል ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ደረጃ ስር ይተኛል። ከጎንና ከታች ሚመጥ ያስፈልጋችኋል። ከገንዳ ላይ ሚነሳ ትነት ለመያዝ ምንጩ ላይ በሴኮንድ ከ0.25 እስከ 0.5 ሜትር ፍጥነት በቂ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ንፋስ ካልበጠበጠው።

ከሁድ የሚሻለው ማሽኑን በግድግዳ ከልሎ ክፍል ማድረግ ነው። ክፍቶቹ (ወረቀት ሚገባበትና ሚወጣበት) ከክፍሉ ጠቅላላ ገጽ 5% ካልበለጡ፣ በነሱም አየር ወደ ውስጥ በሴኮንድ አንድ ሜትር ገደማ ከገባ፣ ክፍቶቹም ከትነቱ ምንጭ ራቅ ካሉ ሁሉም እንደተያዘ ይቆጠራል። ማረጋገጫው ርካሽ ነው፣ የጭስ መሞከሪያ ቱቦ (ወይም ሚነድ ነገር በሌለበት ሰዓት ማሽኑ ጸድቶ እጣን ነገር) በክፍቱ አጠገብ ያዙ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ፣ ወደ እናንተ ከመጣ ግን አልያዛችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ያጋጠመኝ። አንድ ቦታ አዲስ ሞተር ተገጥሞ ፋኑ ይዞራል፣ ይጮሃል፣ ትንሽም ይስባል፣ ግን ሽታው አልሄደም። ሶስት ቀን ቱቦ ስንፈታ ስንገጥም ቆይተን መጨረሻ ላይ ሽቦው ተገላብጦ ፋኑ በተቃራኒ እየዞረ እንደሆነ አየን። ሴንትሪፉጋል ፋን በግልባጭ ቢዞርም አየሩን ያው ወደ መውጫው ነው ሚገፋው፣ ጉልበቱ ግን በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ እጃችሁን አፉ ላይ ስታደርጉ "ይሰራል" ትላላችሁ። ሁለት ሽቦ ቦታ ቀያየርን፣ አለቀ። ፋን ሲነካ ሁሌም መጀመሪያ የአዟዟር ቀስቱን እዩ።

ማድረቂያ ያለው ማሽን ላይ ሚነፋው አየር ከሚመጠጠው መብለጥ የለበትም፣ ከበለጠ ትነቱ በወረቀቱ መግቢያና መውጫ እየተገፋ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ጉልበት ለመቆጠብ አየሩን መልሳችሁ ስታዞሩ ደግሞ የትነቱ መጠን እሳት ከሚይዝበት ዝቅተኛ መጠን ሩብ (25%) በታች ይሁን። የቶሉይን ዝቅተኛው መጠን ከአየሩ 1.1% ገደማ ነው፣ የኢታይል አሲቴት 2%፣ ብዙ አይደለም እንግዲህ። ሴንሰር ሳይገጥሙ ዳምፐር (የቱቦውን አየር መቆጣጠሪያ ክዳን) መዝጋት ቁማር ነው።

7. አሁን ማጥፊያውን ምረጡ

መጀመሪያ ይሄን ማባዣ ያዙ፦ ጠቅላላው ቁጥጥር = የያዛችሁት × ያጠፋችሁት። ማቃጠያው 98% ያጠፋል፣ መምጠጫው ግን 65% ብቻ ይይዛል እንበል፣ ውጤቱ 64% አካባቢ ነው። ማቃጠያውን ወደ 99% ብታሳድጉት ከ1% ያነሰ ታተርፋላችሁ። መምጠጫውን ወደ 90% ብታሳድጉት ግን 88% ገባችሁ። ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም፣ የሚሸጠው ማቃጠያ ነዋ።

አክቲቬትድ ካርቦን (ትነት ላዩ ላይ ሚይዝ ከሰል) ለትንሽና ለሳሳ ትነት ጥሩ ነው። ግን ስሌቱን ስሩ፦ ማጠቢያ ክፍሉ በቀን 6 ኪሎ ሶልቨንት ያወጣል፣ ካርቦኑ በስራ ላይ የክብደቱን 15% ይይዛል ካልን በቀን 40 ኪሎ ካርቦን ይጠግባል። 200 ኪሎ ሚይዝ በርሜል አምስት ቀን። ከዛ በኋላ ፋኑ ይሰራል፣ ቱቦው ይሰራል፣ ካርቦኑ ግን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል፣ ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ሁለት በርሜል ተከታትለው ተደርገው መሃላቸው ላይ ሚለካው፣ የመጀመሪያው ማሳለፍ ሲጀምር ሁለተኛው ይይዛል፣ ያኔ ትቀይራላችሁ። ሚገባው አየር ከ40 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱም ከ50% በታች ቢሆን ይመረጣል። እንደ ሜክ (ሜታይል ኢታይል ኪቶን) ያሉ ኪቶኖች ካርቦን ላይ ስለሚሞቁ ካርቦኑ ውስጥ እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ፣ ሙቀት መለኪያ ይግባበት።

ትነቱ ብዙና ቀኑን ሙሉ ከሆነ ሙቀቱን መልሶ ሚጠቀም ማቃጠያ (አርቲኦ) ነው ሚሻለው፣ ከ800 ዲግሪ በላይ ያቃጥላል፣ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ሙቀቱን እስከ 95% ስለሚመልስ ትነቱ ከበዛ ነዳጅ ብዙም አይጠይቅም። ካታሊስት (ቃጠሎውን በዝቅተኛ ሙቀት ሚያስኬድ ነገር) ያለው ደግሞ በ300ና 400 ዲግሪ አካባቢ ይሰራል፣ ግን ሲሊኮን፣ ሰልፈርና ፎስፈረስ ይገድሉታል፣ ማሽናችሁ ላይ ሲሊኮን ስፕሬይ ምትጠቀሙ ከሆነ ተናገሩ። አርቲኦም ቢሆን ሲሊኮን ሲገባበት ነጭ የአሸዋ ዱቄት ሆኖ ሴራሚኩን ይደፍነዋል። ክሎሪን ያለው ሶልቨንት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስለሚሆን ለዛ ያልተሰራ ማቃጠያ ውስጥ አይገባም።

ቆሻሻውን ሶልቨንት በትንሽ ማጣሪያ ማሽን አፍልቶ መልሶ መጠቀምም ይቻላል፣ ወጪ ይቀንሳል። ግን የፍሌክሶና ግራቭር ቀለም ውስጥ ብዙ ጊዜ ናይትሮሴሉሎስ አለ፣ እሱ ደግሞ ደርቆ ከሞቀ ይፈነዳል። ታች ያለውን ዝቃጭ እስኪደርቅ አታፍሉት፣ ገና ፈሳሽ እያለ አቁሙ፣ አምራቹ ካለው ሙቀት አትለፉ፣ ለናይትሮሴሉሎስ የተፈቀደ ማሽን መሆኑንም በጽሁፍ ጠይቁ።

8. መለካትና መከታተል

አፍንጫችሁን አትመኑት፣ ከደቂቃዎች በኋላ ሽታውን ይለምደዋል። በእጅ ሚያዝ ፒአይዲ መለኪያ (በውስጡ ባለ የአልትራቫዮሌት መብራት ትነትን ሚለካ) ጥሩ ነው፣ ግን መብራቱን ጠይቁ፤ በብዛት ሚመጣው 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ቶሉይንና ሜክን ያያል፣ ዳይክሎሮሚቴንን ግን አያይም፣ ዜሮ ይላችኋል እናንተ ደግሞ ንጹህ ነው ብላችሁ ትተነፍሱታላችሁ። ማስክ ከተፈለገ የኦርጋኒክ ትነት ካርትሪጅ ያለው ነው፣ የአቧራው ማስክ ለትነት ምንም ማለት ነው። ዳይክሎሮሚቴንን ግን ያ ካርትሪጅም ቶሎ ስለሚያሳልፈው ለሱ ከውጭ አየር ሚያመጣ ማስክ ነው።

በየቀኑ ሶስት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ በፊልተሩ ግራና ቀኝ ያለው የግፊት ልዩነት፣ የማቃጠያው ሙቀት (ካለ)፣ የተጨመረው ሶልቨንት በኪሎ። ብዙ ካስጻፋችሁ ኦፕሬተሩ አርብ ላይ የሳምንቱን በአንድ እስክሪብቶ ይሞላዋል፣ አይቻለሁ።

በወሩ መጨረሻ ግድግዳው ላይ የለጠፋችሁትን ሂሳብ ድጋሚ ስሩ። 290ዋ ካልወረደች ጣራ ላይ አትውጡ፣ በማታው ፈረቃ ሳትናገሩ ግቡና የጀሪካኖቹን ክዳን ቁጠሩ።